ሷሊሕ ዋስ የሆነበት ገበያ

የከብት ደላላው ሷሊሕ በዕድሜው ከሁለት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አናግሮ አያውቅም ነበር። ሥራውም ከዚያ በላይ አይጠይቀውም። በሸዋ ሮቢት የከብት ገበያ ሻጩን በቀኙ፣ ገዢውን በግራው ያቆምና ኩታውን በእጆቻቸው ላይ ይጥላል። ዋጋው በኩታው ሥር በጣት ይነገራል፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ ስንት እንደተባለ አያውቅም። ሷሊሕ በዚያ መካከል የሚያወጣው ድምፅ «ጨምርለት» እና «ተው እንግዲህ» ከማለት አያልፍም። ሚስቱ ጣይባ «የእርስዎ አፍ ጣትዎ ላይ ነው» ትለው ነበር።

ጮክ ብሎ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሻጩ፣ ከብቱ የስርቆት አለመሆኑን የሚያረጋግጥለት ዋስ መጥራት አለበት። ሻጩ ከሩቅ የመጣ ሆኖ በገበያው ዘመድ ካጣ፣ ሷሊሕም ሰውየውን የሚያውቀው ከሆነ፣ ዋስ የሚሆነው ራሱ ሷሊሕ ነው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሻጩን መዳፍ ጧ ያደርግና «ዋሱ እኔ ነኝ!» ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ከፋዩ ሷሊሕ ነው፤ ሻጩ ቢጠፋ የሚታሰረው ሷሊሕ ነው። እጅ ያልተመታበት ዋስ ግን ዋስ አይባልም። አንዱ «ዋስ ነኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሌላው እጁን ከሰበሰበ፣ ገዢው በሬውን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን በይፋት ቆላ አንዲት ፍየል የሸጠ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሷሊሕ በዚህ ሥራ ጢሙ እስኪሸብት ሲኖር ዋስ የሆነለት ሰው አንድም ጊዜ አላሳፈረውም። ስለዚህ የቆላው እስላምም፣ ከቀወት ተራሮች ሥር ያለው ክርስቲያንም ያምነው ነበር። ከክርስቲያኖቹ መካከል የልብ ወዳጁ ለማ የሚባል ገበሬ ነው። ለማ በሬ ሲሸጥ ዋሱ ሷሊሕ፣ በሬ ሲገዛ አስማሚው ሷሊሕ። አንዱ በሌላው ድግስ ሲጠራ ሥጋው ለየብቻ ይታረድ ነበር እንጂ ቀልዱ አንድ ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ለማ ጠመንጃውን ይዞ ከጥቂት የመንደሩ ሰዎች ጋር ወደ ገደሉ ወጣ። ሷሊሕ እቤቱ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲጠየቅም አይደብቅም። «እኔ ፈሪ ነኝ» ይል ነበር። «ደላላ የሆንኩትም ለዚሁ ነው። ሻጩንም ገዢውንም የማይፈራ ሰው ጥሩ ደላላ አይወጣውም።»

ይህ እንዲህ እንዳለ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ኅዳር መጣ።

በሸዋ ሮቢት የሰፈረው ጦር አዛዥ፣ ሰው ሁሉ ካፒቴኑ እያለ የሚጠራው ጣሊያናዊ፣ በዱር ያሉትን «ግቡ፣ ምሕረት ተደርጎላችኋል» የሚል ወረቀት አስበትኖ ነበር። ወረቀቱን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ያነበበውም ጥንባሆ ጠቀለለበት። ካፒቴኑም አስተርጓሚውን «ደገኛውም ቆለኛውም የሚያምነው ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አስተርጓሚው አብዱልሃዲ በአሰብ ወደብ ሲሠራ ጣሊያንኛ የለመደ ሰው ነው። ጥያቄውን ወስዶ ለገበያው ሽማግሌዎች አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ነጮቹ የእርድ ከብት ሊገዙ ታማኝ ደላላ የፈለጉ መሰላቸው። ወዳጃቸውን የጠቀሙ መስሏቸው በአንድ አፍ «ሷሊሕ» አሉ።

በማግስቱ ሁለት ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። በምሽጉ ውስጥ ካፒቴኑ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ አብዱልሃዲ ከጎኑ ቆሟል። ሷሊሕ ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ምንም አላገኘም።

«ጋሼ ሷሊሕ፣» አለ አብዱልሃዲ፣ «በሚመጣው ገበያ በሕዝብ ፊት ቆመው ይናገራሉ።»

«ምን ብዬ?»

«የምነግርዎትን።»

«ኧረ እኔ መናገር አልችልም! እኔ የምናገረው ለሁለት ሰው ነው።»

አብዱልሃዲ አስተረጎመ። ካፒቴኑ ሳቀና አንድ ነገር አለ።

«ሁለት ሁለት እያደረገ ይቁጠራቸው ይላል።»

ሷሊሕ ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩ እምቢ አለው። ንግግሩ ምን እንደሆነ ሲነገረው ደግሞ ሳቁ ራሱ ጠፋ። በዱር ያላችሁ ሁሉ ግቡ። መንግሥት ምሯችኋል። ጠመንጃውን ያስረከበ እርሻው ይመለስለታል፤ ማንም ጫፉን አይነካውም። ይኸው ነው። ሷሊሕ ይህን ሲሰማ የታዩት በመስከረም ወር በዚሁ ዓይነት ጥሪ ከወንዙ ማዶ የገቡ አምስት ሰዎች ናቸው። አንድ ሌሊት በምሽጉ አድረው በማግስቱ በካሚዮን ተጭነው ወደ ደብረ ሲና አቀበት ሲወጡ ታይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ሚስቶቻቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«እምቢ ብልስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይህን አላስተረጉመውም፣» አለ አብዱልሃዲ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ሳይለውጥ፣ የንግግሩን ቃል የሚያስጠና እየመሰለ። «ቤትዎ የሣር ነው ጋሼ። ሣር ደግሞ ይነዳል። እትዬ ጣይባም ውስጥ ናት። እኔንም አይዩኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ሷሊሕ አንድ ነገር አሰበና ትንሽ ተጽናና። ይህ ንግግር የነጭ ንግግር ነው፤ ወረቀቱን ያላመነ ሰው ወረቀቱን ከሷሊሕ አፍ ቢሰማውም አያምነውም። «ተገድዶ ነው» ይላል። ለማም ይህን አያጣውም። እንግዲህ እንደ በቀቀን ደግሞ ወደ ቤቱ መሄድ ነው።

«አሁን እዚሁ ይበሉት፣ ካፒቴኑ መስማት ይፈልጋል፣» አለ አብዱልሃዲ።

ሷሊሕ ተነሥቶ ጀመረ። አንዱን ቃል ረስቶ ተመለሰ፣ ሌላውን ደገመ፣ «ማንም ጫፋችሁን አይነካም» የሚለው መጨረሻ ላይ ሲደርስ እፎይ አለ። ያን ጊዜ ነው ምላሱ የከዳው። ሃያ ዓመት ሙሉ ንግግር ሲያልቅ በምን እንደሚዘጋ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ ወደ ፊት ወጣ፣ አፉም «ዋሱ እኔ ነኝ!» አለ።

ቶሎ እጁን ሰበሰበ። ካፒቴኑ ግን ሰምቶ ነበር። «ይህን ማን ጨመረው? ምን ማለት ነው?» ብሎ አብዱልሃዲን ጠየቀ። አብዱልሃዲ ሷሊሕን አየው። ሐሰት ቢናገር የሚያጋልጠው፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ወታደር በሩ ላይ ቆሟል። ስለዚህ እውነቱን አስተረጎመ፤ ዋስ ምን እንደሆነ፣ ይህ ሰው ዋስ ሲሆን ሕዝቡ እንዴት እንደሚያምነው። ስለ እጅ መምታቱ ግን አልነገረውም፤ አልተጠየቀም።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ በርቷል። «ይህ ነው!» አለ። «የፈለግሁት ይህን ነው። ይህን ሳይል ከገበያው እንዳይወርድ።» ቃሉንም ደጋግሞ አጠናው። ሷሊሕ ከምሽጉ ሲወጣ ከኋላው በተሰበረ አማርኛ «ዋሱ ኤኔ ኔኝ! ዋሱ ኤኔ ኔኝ!» ሲል ይሰማው ነበር።

ሷሊሕ ቤቱ ደረሰ። ጣይባ ምን እንደሆነ ጠይቃ ጠይቃ በመጨረሻ ሲነግራት በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«የነሱን ቃል ተናግሬ ብቻ ልወርድ እችል ነበር። በገዛ አፌ ራሴን ዋስ አደረግሁ። አሁን ለማ ሲሰማ ምን ይላል? ሷሊሕ ዋስ ሆነ ይላል። ሷሊሕ ዋስ ሆኖ አያውቅም እንዴ? ይወርዳል። ሰዎቹን ይዞ ይወርዳል።»

«ታመምኩ ይበሉ። ጉሮሮዬን ዘጋኝ ይበሉ።»

«በሐኪም ያስከፍቱኛል።»

«እንጥፋ።»

«እናትሽን፣ እህትሽን፣ የእኔን ወንድም ይዘን? እነሱን ትተን ብንጠፋ በእኛ ፋንታ ማን ይነዳል?»

ያን ቀን እራት የቀረበበት ሳህን ሳይነካ ተመለሰ።

ማሽላው አፍርቶ የወፍ ጥበቃው የደረሰበት ጊዜ ነበር። ሷሊሕ በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እርሻው መካከል ባለው ማማ ላይ ወጣና ለወፎቹ ድንጋይ ከመወንጨፍ ፋንታ ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ያቺን ቃል እንዳይላት ምላሱን ማስተማር። ቃሏን ውጦ ቢወርድ ካፒቴኑ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቢላት ደግሞ ለማ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም ነበር፤ ግን ቢያንስ ምርጫው የእርሱ እንዲሆን፣ የምላሱ እንዳይሆን ፈለገ።

ጣይባ በማሽላው ጫፍ ቆማ ትሰማዋለች።

«አልሰማሁም!» ትላለች።

«በዱር ያላችሁ ሁሉ!»

«አሁንም አልሰማሁም!»

«ወፎቹስ ሰሙ?»

«ወፎቹማ እየበሉ ነው። ንግግርዎ ጣፍጧቸው ይሆናል።»

ሷሊሕ ሳቀ። ያን ሳምንት የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ማንም ጫፋችሁን አይነካም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ከማማው እንጨት ተላቀቀና ወደ ፊት ወጣ፤ አፉም ቃሏን አላት። ደገመ፤ አሁንም አላት። ኩታውን አውልቆ ቀኝ እጁን ከጎኑ ጋር አሰረው። እጁ ሲታሰር ምላሱ ተሳሰረ፤ ንግግሩ ራሱ ከመካከሉ ጠፋበት። ፈትቶ ሲናገር ቃሏ ትመጣለች። አስሮ ሲናገር ሁሉም ይጠፋል። ፀሐይ ከፍ እስክትል እንዲህ ሲታገል ቆይቶ ማማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። ጣይባ ከታች ሆና ተመለከተችው፤ ድንጋይ አንሥታ ወፎቹን ራሷ ታባርር ጀመር።

ከዚያም በኋላ በየቀኑ ሞከረ። በውኃ መቅጃው መንገድ፣ በአህያው ኋላ፣ በሶላት መካከል እንኳ ቃላቱ እየመጡ ያውኩት ነበር። በሰላምታ ጊዜ የሰው እጅ ሲጨብጥ ይደነግጥ ጀመር። የገበያው ዋዜማ ካፒቴኑ በፈረስ በቤቱ ፊት ሲያልፍ አየውና እንደ ልጅ ጣቱን እያወዛወዘ «ዋሱ ኤኔ ኔኝ!» አለው። ጎረቤቶቹ ሰሙ። ለምን እንዲህ እንዳለው የጠየቀው የለም፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

የገበያው ቀን ሷሊሕን ካሚዮን ላይ አቆሙት። የካሚዮኑ ኋላ ተከፍቶ እንደ መድረክ ሆኗል፤ ካፒቴኑ በቀኙ፣ አብዱልሃዲ በግራው፣ ወታደሮቹ ከታች። ሷሊሕ ለአንድ አፍታ ያቺን ካሚዮን አያትና የመስከረሞቹ አምስት ሰዎች በየትኛዋ እንደሄዱ አሰበ፤ በዚህች ይሁን በሌላ፣ እግሩ በቆመበት ላይ ተቀምጠው ይሆናል።

ገበያው ሙሉ ነበር። ከፊት የእህል ሻጮቹ፣ ከነሱ ኋላ የጨውና የበርበሬ፣ ከዚያ ኋላ በዋርካዎቹ ማዶ የከብት ተራው። በከብት ተራው ያሉት ካሚዮኗን በዛፎቹ ተከልለው አያዩአትም። ሷሊሕ ዕድሜውን የቆመው እዚያ ማዶ ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ከዚህ በኩል ቆሟል።

«በ... በዱር ያላችሁ...»

«አይሰማም!» አለ አንድ ሰው ከጨው ተራው።

«ሷሊሕ፣ ጣትህን አሳየንና እንስማ!» አለ ሌላው።

«በሬውን ነው የምትሸጥልን፣ ፈረንጁን?» አለ ሦስተኛው። ሳቅ ሆነ።

ካፒቴኑ ፊቱን ወደ አብዱልሃዲ አዞረ። «ምን ያስቃቸዋል?»

«ደስ ብሏቸው ነው፣» አለ አብዱልሃዲ። ከታች ወደቆሙት ወታደሮች ሰርቆ ሲያይ ሷሊሕ አየው። እርሱም እንደፈራ ያን ጊዜ አወቀ፤ ይህን ማወቁ ግን አልረዳውም።

ሳቁ ሲበርድ ድምፁ መጣለት። ከየት እንደመጣ አላወቀም። ማማው ላይ ያልወጣው ድምፅ አሁን ከሆዱ ወጥቶ በገበያው ላይ ሄደ። በዱር ያላችሁ ሁሉ ግቡ። መንግሥት ምሯችኋል። እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ ሌላው ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። አንዱንም አልረሳ። የሚያስፈራው ይኸው ነበር፤ ንግግሩ አሁን ያለ እርሱ ይሄዳል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች የለማ ዘመድ፣ ጌጤ የምትባል፣ የእንስራ ሻጭ፣ ዐይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። ከገበያው በኋላ ወደ ገደሉ ወሬ የምትወስደው እሷ እንደሆነች ከካፒቴኑ በስተቀር የማያውቅ የለም።

«ማንም ጫፋችሁን አይነካም፣» አለ።

ዝም ለማለት ሞከረ። ካፒቴኑ ከጎኑ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ከንፈሩ ቃሏን አስቀድሞ ይላታል። አብዱልሃዲ በጣም ቀስ ብሎ «ጋሼ» አለ።

«ዋሱ እኔ ነኝ!»

እጁም ወጥቶ ነበር። እንደ ወትሮው ዋስ ወደሆነለት ሰው ወጣ፤ ወደ ካፒቴኑ። መዳፉ ተከፍቶ በካፒቴኑ ደረት ፊት ቆመ። ሷሊሕ ሊመልሰው ፈለገ፤ አልተመለሰም። በገበያ ያለ ምት የተመለሰበት ቀን ስለሌለ መንገዱን አያውቀውም።

ካፒቴኑ እጁን አየ። ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ሁለት እጆቹን ከኋላው አጣመራቸው። ሷሊሕ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ገበያው በሙሉ ያችን እጅ ያያል። ካፒቴኑ ግን ነገሩ ገባኝ አለ፤ ሰውየው ሽልማት መለመኑ ነው። ሳቀ፤ ከኪሱ አንዲት ሲጋራ አወጣና በተከፈተው መዳፍ መካከል አስቀመጠለት።

ጌጤ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። ከእህል ሻጮቹ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቅንቆ ቁናውን ወደ ጆንያው ከተተ። ሌሎቹም ዕቃቸውን ይሰበስቡ ጀመር። ሷሊሕ ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ሁሉም እንዳዩ አወቀ። ዋሱ እጁን ዘረጋ፤ ባለጉዳዩ አልመታም። በሬውን ትቶ የመሄድ ጊዜ ነው።

«ጎበዝ! ጎበዝ!» አለው ካፒቴኑ፣ ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷን መርጦ።

ሷሊሕ ሲጋራዋን እንደያዘ ከካሚዮኗ ወረደ። ማጨስ አያውቅም፤ መጣልም ፈራ። ከገበያው ሲወጣ አብዱልሃዲ ከጎኑ መጣና ሳያየው «እጅ አልተመታም» አለ።

«አየህ?»

«እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ።» ይህን ብሎ ወደ ምሽጉ ታጠፈ።

ወደ እርሻው ሲሄድ ሷሊሕ ከስንት ቀን በኋላ ነፋሱ በፊቱ ላይ ሲነፍስ ተሰማው። ጌጤ ትሄዳለች፤ ያየችውን ትናገራለች። ለማ ይስቃል። ጣይባ በማሽላው ጫፍ ቆማ ስትጠብቀው ከሩቅ አያት፤ እጁንም አወዛወዘላት።

ጩኸቱን የሰሙት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። ከገበያው በላይ ካለው ኮረብታ አንድ ጠንካራ የጎልማሳ ድምፅ ወደ ላይኛው ጉብታ ይጣራል። በዚያ አገር ወሬ በእግር ከመሄዱ በፊት ከጉብታ ወደ ጉብታ በአፍ ይሄዳል።

«ስሙ! ስሙ! ሷሊሕ ዋስ ሆኗል! ሷሊሕ ዋስ ሆኗል፣ ግቡ!»

ላይኛው ጉብታ ተቀበለ፤ «ሷሊሕ ዋስ ሆኗል!»

ሷሊሕ ቆመ። ከብት ተራው። ከዋርካዎቹ ማዶ የነበሩት ድምፁን ሰምተዋል፤ እጁን አላዩም። ለብዙ ዓመት የሚያውቁትን ድምፅ፣ የሚያውቁትን ቃል ሰሙ፤ ደስ አላቸው፤ ለወገኖቻቸው ደግ የሠሩ መስሏቸው ተጣሩ። ጌጤ በእግሯ ገደሉ ድረስ ለመድረስ እስከ ማታ ትሄዳለች። ይህ ቃል ግን አሁኑኑ ይደርሳል፤ ምናልባት ደርሷል።

«ጣይባ!» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ከተጣራሁ ወታደሮቹም ይሰማሉ። አብዱልሃዲ ሳይወድ ያስተረጉማል።»

ጣይባ ወደ ቤቱ አየች፤ ወደ ማሽላውም አየች። ገና ያልታጨደ የዓመት እህል ነው። «እናቴንና እህቴን ይዤ ወንድምዎ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ በረሃው እንወርዳለን፣» አለች። «አህያዋን እጭናለሁ። በሉ ይጣሩ።»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። ፈርተው ይጣሩ።»

ከእርሻው ኋላ ያለውን ጉብታ በእጁም በእግሩም ወጣው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር፤ አፉን ቢከፍት ድምፅ አልወጣም። ከታች ምሽጉ ይታያል፤ ካሚዮኗ በበሩ ላይ ቆማለች፤ ሰዎች እንደ ጉንዳን ይንቀሳቀሳሉ። በእግሩ የሚወርድ ሙቀት ተሰማውና ሽንቱ እንደሆነ አወቀ። ይህን ንግግር ማንም አላስጠናውም፤ ማማ ላይም አልተለማመደውም። ዐይኑን ጨፈነ።

«ለማ! ለማ ሆይ! ሷሊሕ ነኝ! ዋስ አይደለሁም! እጅ አልተመታም! እጅ አልተመታም! አትግቡ!»

የተቀበለው የለም። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሊጠፋ ሲል፣ ከገበያው በላይ ካለው ኮረብታ ያው ጎልማሳ ድምፅ፣ አሁን በድንጋጤ ተለውጦ፣ ተቀበለ፤ «እጅ አልተመታም! አትግቡ!» ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ይልቅ የራቀ። ሷሊሕ ቃሉ ከእርሱ እየራቀ ወደ ገደሉ ሲወጣ ቆሞ ሰማ። ከታች ምሽጉ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ።

ሷሊሕና ለማ በማግስቱ ማለዳ ገደሉ ሥር ተገናኙ። ለማ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ዋስ ነኝ ትላለህ፤ አይደለሁም ትላለህ፤ አንተ ምን ዓይነት ደላላ ነህ?» አለው።

«ወርደህ ነበር?»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።»

ሷሊሕ አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ሷሊሕ የፈራውን ጠየቀ። «ሁላችሁም አላችሁ?»

ለማ ወደ መሬት አየ። «ከበደ የለም። የአሰገደች ልጅ። እናቱን ሊያይ ከትናንት ወዲያ ወርዶ ነበር። ቤቷ ከታችኛው ጉብታ ሥር ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል ቀድሞ ሰማና ወደ ምሽጉ ገባ።»

ሷሊሕ ተነሣ። ዋስ ሰው ሲጠፋበት ራሱን ያቀርባል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ለማ በኩታው ጫፍ ይዞ መልሶ አስቀመጠው። «ተቀመጥ። እነሱ ሰው በሰው አይለውጡም። አንተንም ይጨምራሉ እንጂ እሱን አይመልሱም።»

ሷሊሕ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በዱርና በበረሃ ኖረ። ጠመንጃ አልያዘም፤ ይፈራ ነበር። ለእነ ለማ ጦር እህልና ከብት ይፈልግ፣ የተጣሉትን ያስታርቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድ ንግግር ይለማመድ እንደነበር ጣይባ ታውቃለች። ሲሄድም፣ ሲተኛም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ለአሰገደች የሚናገረው ነው። እንዴት እንደተገደደ፣ ምላሱ እንዴት እንደከዳው፣ ሁለተኛውን ጥሪ እንዴት እንደተጣራ። አንድ ጊዜ አርዝሞ፣ አንድ ጊዜ አሳጥሮ፣ አንድ ጊዜ ይቅርታውን አስቀድሞ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኋላ አድርጎ ያስበዋል። ካፒቴኑን የፈራውን ያህል አንዲት አሮጊት ፈራ።

አገር ሰላም ሲሆን በመጀመሪያው ወር ሄደ። አሰገደች በደጃፏ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር። ዐይኗ ደክሟል፤ የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች።

«እሜቴ፣ ደህና ዋሉ፣» አለ።

እጇ ቆመ። «ሷሊሕ ነህ» አለች። አልጠየቀችውም።

የተለማመደው ንግግር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ከደጃፉ ወዲያ ማዶ ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ፣» አለች። «ሁለቱንም ሰምቻለሁ። የመጀመሪያውን ስንሰማ ከበደ ምሳ እየበላ ነበር። ቃሉ የሷሊሕ ነው አለና ጉርሻውን ይዞ ተነሣ። ሁለተኛውን ስንሰማ ወንዙን ተሻግሮ ነበር። እኔም ከኋላው ተጣራሁ። የእኔ ድምፅ እንደ አንተ አይደለም፤ ወንዙ በለጠኝ።»

ሷሊሕ ወደ ወንዙ ዞሮ አየ።

«ሁለተኛውን ባትጣራ ኖሮ፣» አለች ቀጥላ፣ «አብሮት የወረደው የእህቴ ልጅም ይሄድ ነበር። እሱም ጫማውን አውልቆ ውኃው ዳር ደርሶ ነበር።» ጥጡን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና የደጃፉን ድንጋይ በመዳፏ ጠረገችለት። «አትቁም። አንተ ስትቆም እኔ ልስማ አልሰማ እጨነቃለሁ። ተቀመጥና ዝም በል።»

ሷሊሕ ተቀመጠ፤ ዝምም አለ። እስኪመሽ ድረስ ጥጡን አብሯት ፈለቀቀ።